አፈሩ የማን ነው?

ወደ ሜልቦርን ልናርፍ ጥቂት ሲቀረን አስተናጋጇ የመግቢያ ካርድ አደለችን። የእናቴንም የሞላሁት እኔ ነኝ። ምግብ ይዘዋል? አዎን፤ በርበሬና ሽሮ። ከወተት የተሠራ ነገር? አንድ ጣሳ ቅቤ። አፈር፣ ወይም አፈር የነካው ዕቃ ይዘዋል? እዚህ ላይ እናቴ ሳቀች። «ኧረ በሞትኩት! አፈር ደግሞ ማን ተሸክሞ ይዞራል?» አለች። «የለም» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ቅቤው እዚያው አየር ጣቢያው ቀረ፤ በርበሬው አለፈ። አንባቢ ግን የአፈሩን ጥያቄ በልቡ ያኑርልኝ።

የሄድነው አክስቴን ልንጠይቅ ነበር። አክስቴና ባለቤቷ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚያ ከገቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቤታቸው ፉትስክሬይ ነው። ፉትስክሬይን ላላያችሁ፣ ከሜልቦርን መሐል በስተምዕራብ ያለ፣ የቬትናሞችና የሐበሾች ምግብ ቤት ጎን ለጎን የቆሙበት ሰፈር ነው፤ እንጀራ እንደ ልብ ይገኛል። እናቴና እህቷ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያለቅሱና ሲስቁ ከረሙ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ መኪናቸውን አስነሥተው አገር ሊያሳዩን ይዘውን ወጡ።

ስለ ሽርሽሩ ብዙ አልልም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በአካፋና በዶማ የሠሩትን የውቅያኖስ ዳር መንገድ ተከትለን ሄድን። «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» የሚባሉትን ባሕር ውስጥ የቆሙ ቋጥኞችም አየን። እናቴ ብትቆጥራቸው አልሞላ አሏት። መቸስ ከመጀመሪያውም አሥራ ሁለት ሆነው አያውቁም፤ አንዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ተንዶ ባሕር ገብቷል። «ይሁዳ ይሆናላ!» አለች እናቴ። ተሳሳቅንና አለፍን።

ይኸን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ግን በጋሼ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ጋሼ ጠጉራቸው ሳይሸብት፣ ቁምጣ ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው የብረት ሰንሰለት ጨብጠው፣ ቀይ አለት ላይ ቆመው ይስቃሉ። ከሥሩ «1993» ተብሎ በእስክርቢቶ ተጽፏል። አለቱ ኡሉሩ ነው። በአህጉሩ መሐል ሜዳ ላይ ብቻውን የተቀመጠ፣ ከመሬት 348 ሜትር ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን በእግር ለመጨረስ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ አለት። ዊልያም ጎስ የሚባል ቀያሽ እ.ኤ.አ. በ1873 አየውና በአንድ ባለሥልጣን ስም «ኤርስ ሮክ» አለው። ስም ግን ነበረው፤ የአገሩ ሰዎች አናንጉዎች ኡሉሩ ሲሉት ኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ለወጪዎች መደገፊያ ሰንሰለት ተተከለበት። በኦክቶበር 26 ቀን 1985 መንግሥት የመሬቱን ባለቤትነት ለአናንጉዎች መለሰ፤ በዚያው ዕለት ደግሞ ለ99 ዓመት መልሶ ተከራያቸው፤ ወጪውም መውጣቱን ቀጠለ። አናንጉዎች ቅዱስ ቦታችን ነውና እኛ አንወጣም፣ እናንተም እባካችሁ አትውጡ የሚል ጽሑፍ አቆሙ። ሰዉ ግን ጽሑፉን ፎቶ እያነሣ ይወጣ ነበር። ከሠላሳ የሚበልጡ ሰዎች እዚያ ላይ ሞተዋል። አናንጉዎች ቱሪስቱን «ምንጋ» ይሉታል፤ ጉንዳን ማለት ነው፤ ተሰልፎ ሲወጣ ላየው ሌላ ምን ይባላል! ርክክቡ በተደረገ ልክ በ34ኛው ዓመት፣ በኦክቶበር 26 ቀን 2019፣ መውጣት ፈጽሞ ተከለከለ።

ከሜልቦርን ሦስት ሰዓት ገደማ በርረን እዚያ ደረስን። እናቴ ገና አለቱን እንዳየችው ነጠላዋን ተከናነበች። «ጫማ አይወለቅም?» ብላ ጠየቀች፤ አይወለቅም አልናት። ቀስ እያለች፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምትዞር ሰው አለቱን በቀኟ አድርጋ ሄደች። አንዳንድ ቦታ ላይ እባካችሁ ፎቶግራፍ አታንሡ የሚል ተጽፏል፤ የወንዶች ብቻ የሆነ ምሥጢር፣ የሴቶች ብቻ የሆነ ምሥጢር ያለበት ስፍራ ነው። ይኸን ሳነብላት አንድም ነገር አልገረማት። «ታዲያስ፣ መቅደስ ሁሉ እንዲህ ነው» አለች። ከኩሬው ዳር ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጥቂት ቆየች። ጫማዋን የምታራግፍ መስሎኝ ነበር።

ክርክሩ የተነሣው ማታ ነው። «ጋሼ፣ ጽሑፉ ያን ጊዜም ነበር?» አልኳቸው።

«ነበር። አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ወጡ?»

ዝም አሉ። ኋላ ሲናገሩ እንዲህ ነው ያሉት። «ልጄ፣ ተራራ የማን ሥራ ነው? ማንም አልሠራውም። ሳይሠሩና ሳያርሱ የአባት የአያቴ ነው፣ አትርገጥብኝ ማለትን እኔ በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ባላባቱ እኮ እንዲህ ነበር የሚለን። እኛ ያን ለማፍረስ ነበር የተነሣነው።»

ጋሼ ዘማች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ዕድገት በኅብረት ብለው ከወጡት አንዱ ናቸው፤ ገመድ ይዘው ለገበሬ መሬት የለኩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ፣ እንደ እናንተ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዚህ ግቢ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡበትን ታሪክ እየሰማሁና እየኮራሁ ያደግሁ ነኝ። ስለዚህ የጋሼ ነገር ዝም ብሎ የሚታለፍ አልሆነልኝም። መልስ አጣሁና ተኛሁ። እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ!

እስቲ አብረን እናስበው። «መሬት ላራሹ» ሲባል ከሥሩ ያለው ሐሳብ ምንድን ነው? በመሬቱ ላይ ላቡን ያፈሰሰ የመሬቱ ባለቤት ይሁን ነው። ይኸ ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 ሰው ጉልበቱን ከመሬቱ ጋር ሲቀላቅል የራሱ ያደርገዋል ብሎ አስተማረ። ለምሳሌ የጠራትም አሜሪካን ነበር፤ ያልታረሰ ሰፊ ምድር ብሎ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ለካፒቴን ኩክ እ.ኤ.አ. በ1768 የተሰጠው ትእዛዝ መሬት ሲይዝ የነዋሪዎቹን ፈቃድ ይዞ እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ እርሱ ግን በ1770 ማንንም ሳይጠይቅ የምሥራቁን ጠረፍ ሁሉ የንጉሡ ነው አለ። መቶ ዓመት አለፍ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1889፣ ለንደን የተቀመጠው ከፍተኛ ፍርድ ሰሚ አገሩ ሲያዝ ነዋሪም ሕግም የሌለው ባዶ ምድር ያህል ነበር ሲል ወሰነ። ለምን ባዶ? አጥር የለማ! እርሻ የለማ! አራሽ የሌለው መሬት ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ ላራሹ ይሁን። አራሹ ማን ነው? በግ ነድቶ የመጣው።

አያችሁ? ያው ቃል ነው። ጭሰኛው ለባለ መሬቱ ሲናገረው ፍትሕ የሆነው ቃል፣ መጤው ላላረሰው ባላገር ሲናገረው ዘረፋ ሆነ። እኔ መፈክሩ ሐሰት ነው አልልም። ሲሶውንና እኩሌታውን ለማያውቀው ጌታ ሲገብር ለኖረ ገበሬ ከዚያ የተሻለ ቃል አልነበረም። ነገር ግን ለአንድ በደል መልስ የሆነ ቃል የመሬት ሁሉ ሕግ ይሆናል ብለን ስናስብ አንድ ትልቅ ነገር ረስተናል።

ለአናንጉዎችና ለወገኖቻቸው ጥብቅና የሚቆሙ አንዳንድ ሰዎች ሌላ መልስ አላቸው፦ «ማን አላረሱም አለ?» ይላሉ። ብሩስ ፓስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ይኸን የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ብዙ አነጋግሯል፤ የተቃወሙት ሊቃውንትም አሉ። ከሐዋርያቱ ቋጥኞች ወደ ምዕራብ ገፋ ብሎ፣ በጅ ቢም በሚባለው ስፍራ፣ ጉንዲጅማራዎች ድንጋይ ደርድረው ቦይ እያወጡ ዓሣ ያረቡበት ሥራ ስድስት ሺህ ዓመት ያለፈው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ግሩም ነው። ግን ክርክሩን እዩት። «አርሰዋል፣ ስለዚህ የእነርሱ ነው» ያለ ሰው ያላረሰው እንዳይኖረው አብሮ ፈርዷል። የሌባውን ሚዛን ተቀብሎ «ይመዝናልና መዝኑልኝ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 3 ቀን 1992 የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማቦ ጉዳይ የባዶ ምድሩን ተረት ሲሽር፣ ከሳሹ ኤዲ ማቦ ከወራት በፊት ሞቶ ነበር። የእርሱ ደሴት ሰዎች ድንበር ያላቸው አትክልተኞች ናቸው። የፍርዱ ሐሳብ ግን በአትክልተኞቹ ላይ አልቆመም፤ ባላረሰውም ላይ ተዘርግቷል። ትልቅነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይኸን ሁሉ ጠዋት ቁርስ ላይ ለጋሼ ለፈለፍኩላቸው። እንደማይቀበሉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እርሳቸው ግን ሻያቸውን እያማሰሉ ሌላ ወሬ አነሡ።

ዘመቻው ላይ መጀመሪያ ደጋ ነበሩ፤ እዚያ ገመዱ ሠራ። ኋላ ወደ አዋሽ ቆላ ተላኩ። አገሩ የከብት አርቢ ነው። «ገመዱን ይዤ ቆምኩ፤ ወዴት ልዘርጋው? አንድ ሽማግሌ ምን ትሠራለህ አሉኝ፤ መሬት ልለካ ነው ብላቸው፣ ዝናቡንስ በምን ትለካዋለህ አሉኝ። ሳቅሁ። ኋላ ቀር ናቸው ብዬ ለጓዶቼ አወራሁ።»

አዋጁ ራሱ የዘላኑን የግጦሽ መብት ጠቅሷል፤ ይኸን አልክድም። መፈክሩ ግን ለእርሱ ቦታ አልነበረውም። ከዚያ በፊትማ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የግጦሽ መሬትን ሁሉ ከደኑና ከወንዙ ጋር የመንግሥት ነው ብሎ አረፈው። አዋሽ ዳር ሸንኮራና ጥጥ የበቀለው ከብት ውኃ ይወርድበት በነበረ ሜዳ ላይ ነው። ከኩክ ጋር አንድ ነው አልልም፤ የማመሳሰል ጥድፊያ ያሳስታል። ነገር ግን «ባዶ መሬት» የሚለውን ቃል እኛም በአፋችን አለን። ዛሬም ከዜና እሰማዋለሁ።

የባላባቱ ነገርስ? እዚህ ላይ ጋሼን አጥብቄ ተከራክሬያለሁ። ባላባቱ የሚጠይቀው የአራሹን እህል ነበር። አናንጉዎች እህልም ጉልበትም አልጠየቁም፤ አትውጣ ብቻ ነው ያሉት። ደግሞ እንግዳ ወድቆ ሲሞት እነርሱ ናቸው የሚያዝኑት፤ በምድራችን ላይ የመጣ ሰው ደኅንነት በእኛ ላይ ነው ይላሉ። እንግዲህ ባለቤትነት ሲባል የመያዝ ነገር ብቻ ሳይሆን በአደራ የመጠየቅ ነገርም አለበት ማለት ነው። ለእኛ ይኸ እንግዳ አይደለም። ጎንደር በኩል የሄደ ሰው ዙሪያው ሁሉ ታርሶ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ብቻ እንደ ደሴት ቆሞ ያያል። ማንም አላረሰውም። ባለቤት የለውም የሚል ገበሬ ግን አልሰማሁም።

ጋሼ ሁሉንም ሰምተው፣ «ነገርህ ደኅና ነው፤ ግን ለምን እንደ ወጣሁ አልገባህም» አሉኝ። «ከአገሬ ስወጣ ጀምሮ በየኬላው ክልክል ነው፣ ቁም፣ ተመለስ ሲሉኝ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን እባክህ የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። እባክህ ያለኝን ናቅሁት። ቁም ያለኝን ሁሉ ፈርቼ፣ እባክህ ያለኝን ናቅሁት።» አክስቴ ሳህኑን ማንሣት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርንም።

አዲስ አበባ ከተመለስን በሳምንቱ እናቴ ሻንጣዋን ስታራግፍ ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አየሁ። ፈታሁት፤ እንደ በርበሬ የቀላ አፈር። አንድ ጭብጥ አይሞላም። «ምንድን ነው?» ብላት፣ «እምነት ነዋ!» አለችኝ። ገዳም ስትሄድ እንደምታደርገው አክብራ ያነሣችው ነው።

ነገሩን ነገርኳት። ከዚያ ቦታ ድንጋይም አፈርም ማንሣት እንደማይፈቀድ፣ ብዙ ጎብኚዎች ኋላ ኅሊናቸው እየወቀሳቸው ያነሡትን ድንጋይ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ እንደሚመልሱ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ እኮ አልናቅሁም» አለች። ጋሼ ንቀው ወጡ፤ እርሷ አክብራ ወሰደች፤ ለአናንጉዎቹ ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ይኸን ጥያቄ እስካሁን መፍታት አልቻልኩም። አሳብ ሥራን ያነጻል እንዳልል ሚሲዮናዊውም በጎ አሳብ ነበረው። አያነጻም እንዳልል የእናቴን ፊት አይቻለሁ።

አሁን «መልሰው» ብላኛለች። ይቅርታውን ጻፍልኝ፣ በእኔ ስም ይሁን፣ ልጄ አያውቅም በል ብላኛለች። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ጀምሬዋለሁ። ችግሩ ፖስታው ነው። ያ ካርድ የጠየቀን እኮ ሕግ ስላለ ነው፤ አፈር ያለ ፈቃድ ወደ አውስትራሊያ አይገባም። የራሳቸው አፈር ቢሆንም ከእኛ አገር ሲላክ የባዕድ አፈር ነውና በሩ ላይ ተይዞ እንደ ቅቤአችን ይጣላል። ሌላ ቦታ እንዳንደፋው እናቴ አትሰማም።

ቋጠሮው ዛሬም ሣጥኗ ላይ፣ ከመስቀሏ አጠገብ ነው። ከእናንተ መካከል መላ ያለው ቢኖር ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ።