ከቀትር በኋላ ከጎኑ ሁኑ

ከሐረርጌ ደጋ የሚጫነው ጫት ቀትር ግድም ጅቡቲ ይገባል። ሆዳን ሰፈር ውስጥ ሻጮቹ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው፣ እስሩን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ይቀመጣሉ። መኪናው ጡሩምባውን እያስጮኸ ሲመጣ ሱስ ላለበት ሰው ሀራራው ያን ጊዜ ነው የሚነሣው። ለማቆም የወሰነው ወንድማችንም በንስሐ አባቱ ፊት የገባውን ቃል ረስቶት አይደለም። እያስታወሰው፣ እያፈረ ይገዛል።

እኛ ደግሞ «እምነት ቢኖረው ኖሮ ይተወው ነበር» ብለን እንፈርድበታለን። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም፤ ሰውንም ይጎዳል።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በ1975 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀ ሲሆን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ጥድፊያው ሁሉ። ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ያበዛል፤ ዶፓሚን ደግሞ አንጎልን ያስተምራል። በየቀኑ የቃመ ሰው አንጎሉ የተማረው ምርቃናውን ብቻ አይደለም። ሰዓቱን፣ ጡሩምባውን፣ የበርጫ ጓደኞቹን ድምፅ ጭምር አጥንቷል። ስለዚህ ቅጠሉ ምላሱን ሳይነካ ፍላጎቱ ይቀሰቀሳል፤ «ተው» የሚለው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም ሱሱ ሥር ሲሰድ ይደክማል። ደግነቱ አንጎል እንደገና ይማራል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ባቆመ ሰሞን ድካም፣ ድብርትና ዱካክ ይመጣሉ። ዱካኩን «ሰይጣን ተነሣብኝ» ብሎ ፈርቶ ወደ ጫቱ የሚመለስ አለ። የሚያልፍ መሆኑን ንገሩት። ድምፅ የሚሰማው፣ ሰውን ሁሉ የሚጠራጠር ወይም ሞትን የሚመኝ ከሆነ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ጠበል መጠመቅ ሐኪም ማየትን አይከለክልም።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የምናስበው መፃጉዕ 38 ዓመት ተኝቶ ነበር። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው እርሱ የነገረው ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር። ከዘመዱ ደጅ ርቆ ሆዳን ውስጥ በኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖር፣ ወይም ፒኬ 12 ላይ ጭነት እየጠበቀ ቀኑ የማይመሽለት ሾፌርም የሚያጣው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ማኅበርተኞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ሰውዬውን እሑድ መክራችሁት ሰኞ አትጥፉ። ስድስት ሰዓት የስቅለቱ የጸሎት ሰዓት ነው፤ አብራችሁት ጸልዩ። ከዚያ ምሳ ጋብዙት፣ በሌላ መንገድ ሸኙት፣ የሚሠራ ነገር ስጡት። ገንዘቡን ለታመነ ሰው በአደራ ቢያስቀምጥም መልካም ነው። ቢወድቅ ደግሞ አትቆጡት፤ በማግሥቱ ቀትር ላይ እንደገና በሩን አንኳኩ።