ከለላው የአገር ነው

ልጄ፣ ተቀመጥና ስማኝ። ለኤምባሲ ሥራ ተመድበህ ቤተሰብህን ይዘህ ልትሄድ ነው። «እዚያ እኛን ማንም አይከሰንም» ስትል ሰምቼሃለሁ። ይባስ ብሎ ጎረምሳው ልጅህ ያንኑ እየደጋገመ ለጓደኞቹ ሲፎክርበት ሰማሁት። ይህ ሳይታረም አትሄድም።

መልእክተኛ ለምን እንደማይነካ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ ሊያስፈታው የተላከውን ራሳምንም ያዙ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ አዛዥ የናፒየር ጦር መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሡ ሞቱ፣ ቅርሳችን ተዘረፈ። የዲፕሎማት ከለላ የመጣው የመንግሥታት ጠብ በመልእክተኛው ገላ ላይ እንዳይወራረድ ነው። አንተ ሰክረህ እንድትነዳ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የቪየና ስምምነት ዲፕሎማት አይታሰርም፣ በወንጀል አይከሰስም ይላል፤ አብረውት ለሚኖሩት ቤተሰቦቹም ያንኑ ይሰጣል። አንተ ያነበብከው እስከዚህ ነው። መግቢያው መብቱ ግለሰብን ለመጥቀም ሳይሆን ሥራው እንዲቃና መሆኑን ይናገራል። አንቀጽ 41 የተቀባዩን አገር ሕግ አክብር ይልሃል። አንቀጽ 32 ደግሞ ከለላውን የማንሣት ሥልጣን የላከህ መንግሥት ነው ይላል። ታዲያ በሰው ንብረት ምን ያኮራሃል?

እ.ኤ.አ. በ1997 ዋሽንግተን ውስጥ አንድ የጆርጂያ ከፍተኛ ዲፕሎማት ጠጥቶ ሲነዳ የ16 ዓመት ልጃገረድ ገደለ። ጆርጂያ ያኔ በሁለት እግሯ ያልቆመች፣ የአሜሪካን እጅ የምታይ አገር ነበረች። ከለላውን አንሥታ ለፍርድ ሰጠችው፤ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ፣ ክሮውተን በተባለው የጦር ሰፈር አጠገብ፣ የአንድ አሜሪካዊ ሠራተኛ ሚስት በተሳሳተው የመንገድ ጎን ስትነዳ የ19 ዓመት ሞተረኛ ገጨች፤ ልጁ ሞተ። ከለላ አላት ተብሎ ወደ አገሯ ተሳፈረች፤ መንግሥቷም አሳልፌ አልሰጥም አለ። ወላጆቹ ፍትሕ ፍለጋ ሲንከራተቱ ቆይተው ጥፋቷን በፍርድ ቤት ያመነችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ያውም ከአሜሪካ ሆና በቪዲዮ። አደጋ በማንም ላይ ይደርሳል፤ ሽሽት ግን ወዶ የሚደረግ ነው።

አንቺም ሚስቱ፣ ስሚኝ። ከዚህ የምትወስጃት የቤት ሠራተኛ የሰው ልጅ ናት። ፓስፖርቷን አትቆልፊባት፣ ደመወዟን አታስቀሪባት፣ በር አትዝጊባት። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 የቤት ሠራተኛን እንደ ባሪያ አስገድዶ ያሠራ ዲፕሎማት ከለላዬን ብሎ ከፍትሐ ብሔር ክስ እንደማያመልጥ ወስኗል። እሱ ባይወስንስ ኖሮ እግዚአብሔርን ትረሽው ነበር?

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይባላል። በየዓረቡ አገር ያሉ እህቶቻችን ይህን ኖረውበታል፤ ፖሊስ ሲይዛቸው የሚያሳዩት ልዩ መታወቂያ የላቸውም። አንተ መታወቂያውን የያዝከው እነሱ ሲበደሉ ደፍረህ እንድትቆምላቸው ነው። ራስህ በዳይ ከሆንክ በየትኛው አፍህ ስለ እነሱ ትከራከራለህ?

እንግዲህ ትእዛዜ ይህ ነው። ከጠጣህ መሪ አትጨብጥ። ልጅህ ካጠፋ ከለላ ውስጥ አትደብቀው። አንተም የሰው ሕይወት ካጠፋህ አውሮፕላን አትሳፈር፤ «ከለላዬ ይነሣልኝ፣ ፍርድ ቤት ቀርቤ ልጠየቅ» ብለህ ለሚኒስቴሩ በእጅህ ጻፍ። ይህን በፊቴ ቃል ካልገባህ ምርቃቴን ይዘህ አትሄድም።