የጀማሪ እጅ፣ የያሬድ እግር

ከልደታ ማርያም በከተማው ባቡር ወደ ምዕራብ የተሳፈረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ጦር ኃይሎች ይደርሳል፤ መስመሩም እዚያ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰፈር ሰዉ ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» ይለዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከልደታ ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ወደ ቦሌ ሲዛወሩ ስሙ ግን እዚያው ቀረ። የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብም የሚታወቀው ከዚሁ ሰፈር ጋር ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጎልፍ ሊማር የተነሣ ጎልማሳ ምን ይዞ ይሂድ? የዕቃው ነገር አጭር ነው። ሕጉ በአንድ ቦርሳ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ ለጀማሪ ግን ከአስተማሪው የሚዋሳት አንዲት ሰባት ቁጥር ዱላ ትበቃዋለች። የማያንሸራትት ጫማ፣ ትከሻ የማይዝ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ቀኝ እጁ ለሚቀናው ደግሞ የግራ እጅ ጓንት። አንድም ቀን ሳይማሩ ሙሉውን ዱላ መግዛት ፍርሃትን በዕቃ መሸፈን ይመስላል።

ሌላው ዝግጅት ሱቅ ውስጥ የለም። ክብደቷ ከ45.93 ግራም የማይበልጠው ኳስ ሣሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የሚቀማት ተጋጣሚ የለም፤ የሚያሳብቡበት ዳኛም የለም። ሰውየው መሥሪያ ቤት ያስተዳድር ይሆናል፤ ዱላውን ሰንዝሮ ሲመታ ግን ወይ ሣር ይነቅላል ወይ ነፋስ ይቀዝፋል። አስተማሪው በዕድሜ ልጁ ሊሆን ይችላል፤ «አንቱ» እያለ ያርመዋል፤ ይህ ደግሞ ዕፍረቱን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም። ሰው በገዛ አካሉ ላይ ያለው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?

የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» ስምንተኛ ክፍል በዚህ ተገርሟል። አእምሮ እጅን ተንቀሳቀሽ ሲላት ትእዛዙና ፍጻሜው እስከማይለዩ ድረስ ትታዘዛለች፤ ራሱን ሲያዝ ግን ራሱ እምቢ ይለዋል ይላል። ሂፖ አጠገብ የጎልፍ ሜዳ ቢኖር ኖሮ ሊቁ የነገሩን የመጀመሪያ ግማሽ ሳያሻሽለው አይቀርም ነበር። እጅ የምትታዘዘው ለለመደችው ነገር ብቻ ነው። «ክርንዎ አይታጠፍ» ሲባል ራስ ቀና ይላል፤ «ራስዎን ቀና አያድርጉ» ሲባል ክርን ይታጠፋል። የባሰው ደግሞ ፈቃዱ በበረታ ቁጥር ጣቶች ዱላውን ያንቁታል፤ ክንድ ይገተራል፤ ምቱም ይከሽፋል። እዚህ ላይ የትጋት ስብከት አያዋጣም።

አርስቶትል ሰው በገና እየደረደረ በገና ደርዳሪ ይሆናል ሲል ተቃውሞው ራሱ ታይቶታል፤ መደርደር ከቻለማ ቀድሞውኑ ደርዳሪ አይደለምን? መልሱ ከጽሕፈት የተወሰደ ነው፦ ሰው በአጋጣሚ ወይም ሌላው እየጠቆመው በትክክል ሊጽፍ ይችላል፤ ዕውቀቱ ግን ገና የእሱ አይደለም። የጀማሪው ሁኔታ ይኸው ነው፤ በሰው ዕውቀት ይንቀሳቀሳል።

ይህን የቆሎ ተማሪ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ግንቦት 1 ቀን ልደታ ስትነግሥ ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ሲዘሙ ላየ ነገሩ ቀላል ይመስለዋል፤ ያ የመቋሚያ መውደቅና መነሣት ግን ዓመታት የፈጀ የአቋቋም ትምህርት ነው፤ መቋሚያ፣ እግር፣ ጸናጽልና ዜማ አንድ እስኪሆኑ ድረስ።

ስለ ዜማው አባት ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ሁሉም ያውቀዋል። ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ ጌዴዎን ቢገርፈው ሸሸ፤ በመንገድም ዛፍ ላይ ስትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የወጣችውን ትል አየ። ሰባኪዎች አብዛኛውን ጊዜ ትሏ ላይ ይቆማሉ። ከባዱ ክፍል ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ያሬድ ተመልሶ የገረፈውን መምህር ይቅርታ ጠየቀና እንደገና ፊቱ ተቀመጠ። ትሏ ስትወድቅ ያያት ያሬድ ብቻ ነበር፤ ያሬድ ግን የተመለሰው ስንፍናውን ወደሚያውቁት ሰዎች ነው።

ሌላም ትውፊት አለ። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ የተደገፉበት ጦር እግሩን ወጋው፤ ዜማው እስኪያልቅ ግን ንጉሡም ያሬድም አላወቁም። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው አንድ ነገር ይታያል። ጀማሪ እያንዳንዷን ጣቱን ይሰማታል፤ ሊቅ እግሩ ሲወጋ እንኳ አይሰማውም። ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ፒያኖ ተጫዋች ከሙዚቃው ወደ ጣቶቹ ዞር ካለ ጨዋታው ይደናቀፍበታል ያለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ትውፊቱ ግን ከፈላስፋው አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል፤ ከትሏ ሌላ ከገነት የመጡ ሦስት ወፎችንም ይጨምራል። ያሬድ በጥረቱ ብቻ ያሬድ አልሆነም ማለቱ ነው።

አገሩ የራሱ የዱላና የኳስ ጨዋታ አለው። በገና ሜዳ ባላገርና ባላባት ሩር ሲያሳድዱ ኖረዋል፤ በዚያ ቀን ጌታ አይቆጣም ይባላል። የሳተ ሰው ግን ሁካታው ይሸፍነዋል። ጎልፍ ያን መሸፈኛ ይነሣል፤ ተጫዋቹ ሲሰነዝር የቆሙት ሁሉ ዝም እንዲሉ የጨዋታው ሥርዓት ያዛል።

ታዲያ በዚያ ዝምታ ውስጥ ከብዙ ክሽፈት በኋላ አንዷ ኳስ ሳይታሰብ ንጹሕ ድምፅ አሰምታ ትነሣለች። ጀማሪው ደንግጦ ዱላውን፣ ከዚያም እጁን ያያል። «ምን አድርጌ ነው?» ይላል። ወጣቱ አስተማሪ ምክንያቱን ለማስረዳት አይቸኩልም። «ሌላ ያስቀምጡ» ይለዋል።