ወፏና መዝገቡ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ምሥጢር መጠበቅ መልካም ጠባይ እንደ ሆነ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ምሥጢሩ የሚጠበቀው ለማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ይህን ለመጠየቅ የበቃሁት ከገዛ ጥፋቴ ተነሥቼ ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ ነገሩን ልንገርህ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያመላልሰው ስልክ ነው፤ ዛሬም ቢሆን በእኛ ሰፈር ወሬ ሽቦ አያሻውም። አንድ ሌሊት የጎረቤቴን የአንዲት እናት ልጅ መኪና ገጭቶት አመለጠ፤ ልጁም ሳይነጋ ሞተ። በመስኮት ቆሜ ስለ ነበር ታርጋውን አይቻለሁ። በማግሥቱ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ነገር ግን ባለ መኪናው ቂመኛ ሰው ቢሆንስ ብዬ ስለ ፈራሁ፣ ስሜ እንዳይገለጥ ለመንሁ፤ እሺም ተባልሁ።

ወራት አለፉ። እኒያ እናት የልጃቸው ጉዳይ ከምን እንደ ደረሰ ለማወቅ ወደ አንድ ቢሮ ተመላለሱ፤ የቢሮውን ስም መጥራት አያስፈልግም። የሚያገኙት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ምርመራ ላይ ነው፤ ምስክር ስላለበት መዝገቡ አይታይም»። ይህን ቡና እያፈሉ ሲነግሩኝ አቀርቅሬ ዝም አልሁ። ያ ምስክር እኔ ነበርሁና።

አባቶቻችን ይህን ጭንቅ ያውቁት ነበር። በአገር ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው በጠፋ ጊዜ ሕዝቡ በሜዳ ተሰብስቦ አፈርሳታ፣ ወይም አውጫጭኝ፣ ይቀመጥ ነበር። ያየ ሰው በአደባባይ ቢናገር ደም መፈላለግ ስለሚመጣ፣ የሚያውቀውን ለማሉ ሽማግሌዎች በስውር ይነግራል፤ ነጋሪውም «ወፍ» ይባላል። ሽማግሌዎቹ ወፏ ያለችውን ያወጣሉ እንጂ ወፏ ማን እንደ ሆነች አያወጡም። ልብ በል፤ የተሸሸገው ስሙ ብቻ ነው፤ ነገሩ ግን በሜዳው ላይ ወጥቷል። ሥርዓቱ ነውር አልነበረበትም ለማለት አይደለም። ቂም ያለው ሰው ወፍ ሆኖ ጠላቱን ሊያስይዝ ይችል ነበር፤ የተያዘውም ከማን ጋር እንደሚሟገት አያውቅም።

የዛሬው ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 590 በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለውን መረጃ ማንም ሰው ሊጠይቅ እንደሚችል፣ መልሱም በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። የጋዜጠኝነቱ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ሲተካ ይህ የመረጃው ክፍል ቀርቷል። አዋጁ መዝጊያም አለው። ቢገለጥ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚወድቅበት፣ ምርመራ የሚሰናከልበት፣ የሌላ ሰው የግል ኑሮ የሚጋለጥበት ነገር አይሰጥም። ነገር ግን የሕዝብ ጥቅም ከጉዳቱ በበለጠ ጊዜ መዝጊያው ይከፈታል፤ የተከለከለ ሰውም አቤቱታውን እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊያደርስ ይችላል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን የሚጠብቅ አዋጅ ወጥቷል።

አንዳንድ ወጣቶች ሁሉ ይገለጥ ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን አልስማማም። በደል የደረሰባት ልጃገረድ የሰጠችው ቃል የሰፈር መነጋገሪያ ይሁን? በስሕተት ተይዞ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ዕድሜ ልኩን ሌባ ሲባል ይኑር? መዝጊያው ያስፈልጋል። ነገር ግን መዝጊያው የተሠራው ለወፏ ነው፤ ለመዝገብ ጠባቂው አይደለም።

መዝገብ ጠባቂው ለራሱ በዘጋው ጊዜ ከኋላው ምን እንደሚከማች አገራችን አይታለች። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግን መዛግብት በመረመረ ጊዜ፣ ያ መንግሥት ከእናቶች የሸሸገውን በገዛ እጁ ጽፎና ፈርሞ አስቀምጦት ተገኘ። በ1999 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በግብረ አበሮቹ ላይ የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥ እነዚያ ወረቀቶች ማስረጃ ሆነው ቀርበዋል። ትናንት የመንግሥት ምሥጢር የተባሉት እነዚሁ ነበሩ። ጀርመኖችም የምሥራቁ የስለላ ድርጅት ከፈረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሕግ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያነብ ፈቀዱ። ሲሰጡትም የሌሎችን ተበዳዮች ስም ይሸፍናሉ፤ ጎረቤቱን ሲሰልል የኖረውን ሰው ስም ግን ሊያውቅ ይችላል። ወፍንና ሰላይን መለየታቸው ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ኅሊናዬ አላስቀምጠኝ ስላለ ማመልከቻውን እኔው ጻፍሁላቸው፤ የምስክሩ ስም ተሸፍኖ የቀረው ይሰጠን የሚል ነበር። ከብዙ መመላለስ በኋላ ቅጂው ወጣ። የመጀመሪያው ገጽ የእኔ ቃል ነው፤ ስሜ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል፤ ከታርጋው ቍጥር ሥር ተሰምሯል። ሁለተኛውን ገጽ ስገልጠው ባዶ ነበር። ባለ መኪናውን ማንም አልጠራውም፤ ማንም አልጠየቀውም። እነዚያን ወራት ሁሉ ስሜ ይጠብቅ የነበረው እኔን ሳይሆን ያንን ባዶ ገጽ ነበር።

እማማ ማንበብ ስለማይችሉ አነበብሁላቸው። ጣታቸውን በጥቁሩ መስመር ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩና፣ «ይኸ ሰው ግን ቍጥሩን ተናግሯል፤ ምነው መጥቶ ቢነግረኝ» አሉ።

በረካው ሳይቀርብ፣ ያ ሰው እኔ መሆኔን ነገርኋቸው።