ውሃ በሚቈጠርበት አገር የመስተዋት ሐይቅ

ሚኤሶ በአዲስ አበባና በጅቡቲ የባቡር መሥመር ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ከተማ ናት። ሙቀቷ ብርቱ፣ ዝናሟ አጭር ነው፤ ውሃ በጀሪካን የሚቈጠርበትም ወራት አለ። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ሰው መቶ ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ በቤቱ አቁሞ ዓሣ ቢያረባ፣ የውሃ ተክልም ቢያበቅል፣ ተግባሩ የውበት ፍቅር ይባላልን ወይስ ብኩንነት?

«ሰው ያለ ውበት አይኖርም» የሚለው መልስ እውነትነት ቢኖረውም አይበቃም፤ በዚሁ ቃል ማንኛውንም ቅንጦት መከላከል ይቻላልና። ፍርዱ ሊመዘን የሚገባው በተመልካቹ ደስታ ሳይሆን በገንዳው ውስጥ ባለው ሕይወትና በደጅ ባለው ጎረቤት ነው።

በቅድሚያ ሕይወቱ ይታይ። በጣናና በሐዋሳ ሐይቆች፣ በአዋሽም ወንዝ የሚገኘው ቆሮሶ ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ ይመደባል። ወንዱ በአሸዋ ላይ ጎድጓዳ ይቈፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስባለች፤ ጫጩቶቹ ለመዋኘት እስኪበቁም ምግብ ትታ ትይዛቸዋለች። ከወጡ በኋላ እንኳ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። ይህን ዓሣ አሸዋ በሌለው ጠባብ መስተዋት ማኖር አካሉን መግቦ ጠባዩን ማስራብ ነው። ደግሞም ሲያድግ መቶ ሊትር ይጠበዋል፤ ተክሉንም ይበላል። ስለዚህ ብልህ አርቢ ለዓይኑ ያማረውን ሳይሆን ገንዳው የሚችለውን፣ ከቤተሰቡ አነስተኛውን ወገን ይመርጣል።

ውሃውም የራሱ ሕግ አለው። ከዓሣው የሚወጣው ቈሻሻ አሞንያ የተባለ መርዝ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል፤ ተክሉም ይመገበዋል። ይህ ዑደት እስኪጸና ሳምንታት ይፈጃል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ገንዳውን በሞላበት ቀን ዓሣውን ቢጨምር ትርፉ ሞት ነው።

ታዲያ ገንዳ ለሐይቅ ምትክ ይሆናልን? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የተባለው አዳኝ ዓሣ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገባ፤ ከጊዜ በኋላም በዚያ ብቻ ይኖሩ የነበሩ ብዙ የሲክሊድ ዝርያዎች ጠፉ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ ነው። ከሐይቁ ከጠፉት አንዳንዶቹ በመስተዋት ገንዳ ተርፈዋል። ይህ የአርቢውን ክብር፣ የገንዳውንም ወሰን ያሳያል፤ ዝርያው ቢተርፍም ቤቱ አልተመለሰለትም። በአፋር፣ በጨዋማው አፍዴራ ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ለሳይንስ የታወቀ ትንሽ ሲክሊድ ይኖራል፤ ከዚያ አካባቢ በቀርም አይገኝም። ለእርሱ መቆርቆር ማለት አስቀድሞ ሐይቁን መጠበቅ ማለት ነው። የሰለቸውን ዓሣ ወደ አዋሽ የሚለቅ አርቢም ደግነት ሳይሆን የቪክቶሪያን ስሕተት ይደግማል።

በመጨረሻ የጎረቤቱ ጥያቄ ይመጣል። ከገንዳው በየጊዜው የሚቀዳው ውሃ ለችግኝ ማዳበሪያ ስለሚሆን በከንቱ አይፈስም። ሆኖም ጎረቤት የሚጠጣው ባጣ ዕለት ገንዳው መጉደል አለበት፤ ገንዳው ከጎደለ ግን ዓሣው ይሞታል። እንግዲህ ከባዱ ውሳኔ የሚወሰነው በድርቁ ቀን ሳይሆን ገንዳው ከመሞላቱ በፊት ነው። ለጎረቤቱ ጥም የሚተርፍ፣ ለዓሣውም ዕድሜ የሚበቃ ውሃ መኖሩን ያላረጋገጠ ሰው አይጀምር። በዐሥር ቤቶች ከሚቆሙ ዐሥር ገንዳዎች ይልቅ፣ ተማሪዎች በተራ የሚንከባከቡት አንድ የትምህርት ቤት ገንዳ ይሻላል። በዚያ ሕፃናት ውበትን ከኃላፊነት ሳይለዩ ይማራሉ።