የባለ ግድቡ ውኃ

ግንቦት 2012 ዓ.ም. የቪክቶሪያ ሐይቅ ቀድሞ ከተመዘገበው ከፍታ ሁሉ አልፎ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ፣ የፖርት ቤል ነዋሪ ዝናቡን ሊወቅስ ይችል ነበር። በኬንያ፣ ሶላይ በተባለው ስፍራ የደረሰው ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ምሽት፣ ለእርሻ መስኖ የዋለ የግል የአፈር ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ ከታቹ የሚኖሩ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ። የአፈር ግድብ ውኃው በአናቱ ላይ ከፈሰሰ ራሱን እየሸረሸረ ይናዳል፤ ይህ ምሥጢር አይደለም፤ ትርፉን ውኃ የሚያስተነፍስ መውጫ የሚበጅለትም ለዚሁ ነው። እንግዲህ በበጋ «ውኃዬ» ሲል የከረመ ባለ ግድብ፣ በክረምት «የእግዜር ዝናብ ነው» ሊል ይገባዋልን? «ፈቃድ አለኝ» ቢልስ? ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ ከግድቡ ሥር የሚተኛውን ሰው ግን ማንም አልጠየቀውም።