ትምህርት ቤትን በምን እንመዝን?

ፊልጶስ የተስፋውን መሲሕ ማግኘቱን ለናትናኤል ባበሠረው ጊዜ፥ ናትናኤል የተጠራጠረው በተነገረለት ሰው አልነበረም፤ በከተማው ነበር። ናዝሬት በዚያን ዘመን ስም የሌላት ትንሽ መንደር ነበረችና ከእርስዋ መልካም ነገር ይገኛል ብሎ ለማመን ተቸገረ። ፊልጶስም ክርክር አላበዛበትም፤ መጥቶ በዐይኑ እንዲያይ ጋበዘው እንጂ። ናትናኤልም አስቀድሞ የፈረደ ሰው ሲሆን ተነሥቶ ሄደ። ይህ መሄዱ ቀላል ነገር እንዳይመስለን፤ ፍርዱን ይዞ ከበለሱ ሥር ቢቀመጥ ኖሮ ማንም ባልከለከለው ነበር።

በስምጥ ሸለቆ፥ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በዚያች መንደር ስም ናዝሬት ተብላ ብዙ ዘመን ስትጠራ ኖራ በ1992 ዓ.ም. የጥንት ስሟ ተመልሶላታል። ምእመናን ግን እስከ ዛሬ በሁለቱም ይጠሯታል። ከስሙ ጋር የናትናኤል ጥያቄም በከተማይቱ የቀረ ይመስለናል፤ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፥ በሞጆና በቢሾፍቱ፥ በዝዋይና በሻሸመኔም እንደዚሁ፥ ከሰፈሩ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መልካም ነገር ይወጣ እንደ ሆነ ወላጆች እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። መልሱን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት ቤቱን ያላየ ሰው ነው።

አንድ ካህን ያጫወቱንን እንናገር። በአዳማ ዳር የምትኖር፥ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጇን የምታሳድግ አንዲት መበለት ወደ እርሳቸው መጥታ፥ ‹‹አባቴ፥ ልጄ ስምንተኛ ክፍልን ሊጨርስ ነው። በሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አላሳለፈም ይላሉ። ባለቤቴ ትቶልኝ የሞተውን ቤት ሽጬ የግል ትምህርት ቤት ላስገባው አስቤአለሁ፤ ምን ይሉኛል?›› አለቻቸው። ካህኑም፥ ‹‹ልጄ፥ ትምህርት ቤቱን ገብተሽ አይተሽዋል?›› ሲሉ ጠየቋት። ‹‹ኧረ አላየሁትም አባቴ፤ ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት›› አለች። ካህኑ ሊገሥጿት ቃል ካዘጋጁ በኋላ፥ እርሳቸውም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ 11 ዓመት ሙሉ በዚያ ትምህርት ቤት ደጅ ማለፋቸውን፥ አንድ ቀንም ገብተው አለማየታቸውን አስታውሰው ዝም አሉ።

የመበለቲቱ ጥያቄ ስለ ገንዘብ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ስለ ፍርድ ነው። ቤት የሚያህል ነገር በወሬ በተሠራ ሚዛን የሚሸጥ ከሆነ፥ ሚዛኑን መመርመር የካህናትም የምእመናንም ፈንታ ነው። ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ መሆኑን መጽሐፍ ሲያስተምር ለእህል ነጋዴዎች ብቻ አልተናገረምና።

ዛሬ ሁሉ የሚመዝንበት ሚዛን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ይህ ሚዛን ራሱ ታሪክ አለው። በ2008 ዓ.ም. ጥያቄው አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ ስለ ተገኘ ፈተናው ተሰርዞ እንደ ገና ተሰጠ። ኩረጃውም በየትምህርት ቤቱ እየበረታ ስለ ሄደ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርስቲዎች ቅጥር ውስጥ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጥ፥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909፥ ይኸውም ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ከመቶ 3.2 ነበረ፤ በ2016 ወደ 5.4፥ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከፍ አለ። በ2014ቱ ፈተና አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺሕ በላይ ነበሩ።

እንግዲህ እናስተውል። ከዚያ በፊት ብዙ ልጆች አሳለፈ ተብሎ ሲሞገስ ከኖረው ትምህርት ቤት መካከል ስንቱ በአንድ ዓመት ባዶ እጁን ቀረ! መምህራኑ በአንድ ዓመት አልከፉም፤ ሕንጻውም አልፈረሰም። የተለወጠው ሚዛኑ ነው። ታዲያ ቀድሞ የተናገርነው ምስጋና ምን ነበር? እኛም የምናገለግል ሰዎች በምረቃ ቀን ተጠርተን ስንባርክ፥ ያልመረመርነውን ቍጥር ከሌላው ሰው ጋር አብረን አመስግነናል። ይህን መናዘዝ ይገባናል።

አዲሱ ሚዛን ከአሮጌው የታመነ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን የታመነ ሚዛንም ቢሆን ከላዩ የተቀመጠውን ይመዝናል እንጂ ከየት እንደ መጣና ማን ምን እንደ ጨመረበት አይናገርም። ጌታችን ስለ መክሊት ባስተማረው ምሳሌ አምስት የተቀበለው አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለውም ሁለት አተረፈ። ለሁለቱም የተነገራቸው ምስጋና አንድ ነው። በቍጥር ብቻ የሚፈርድ ጌታ ቢሆን ኖሮ ዐሥርን ከአራት አበላልጦ ሁለተኛውን ባሳፈረው ነበር። በአገራችን ከየወረዳው ብርቱዎቹን ልጆች በፈተና ለይተው የሚቀበሉና የሚያሳድሩ ልዩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በአዳማም አለ። እነዚህ ተማሪዎቻቸውን ከሞላ ጐደል ሁሉ ቢያሳልፉ ደስ ይለናል፤ አምስት መክሊት ተቀብለዋልና አምስት ሊያተርፉ ይገባል። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ግን ደጁን ለመጣው ሁሉ ይከፍታል፤ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ሲደክም የሰነበተውን፥ በመቂ ቲማቲም ሲለቅም ውሎ ማታ በኩራዝ የሚያጠናውን ልጅ ይቀበላል። ይህ ከ100 ልጆች 7ቱን ቢያሳልፍ፥ በሁለቱ መካከል የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ልጆቹ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ምን ያውቁ እንደ ነበር ነው።

ይህን የስምጥ ሸለቆ ሰው ከጥርሱ ሊማረው ይችላል። በወንጂና በመተሐራ፥ በዝዋይም አካባቢ ከጕድጓድ የሚቀዳው ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፥ በዚህ ሸለቆ ከ10 ሚሊግራም የሚያልፍ ጕድጓድ ተገኝቷል። ያን ውሃ በሕፃንነቱ የጠጣ ልጅ ቋሚ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። ነገሩን የማያውቅ የደጋ ሰው፥ ‹‹ጥርሱን የማይፍቅ ሰነፍ›› ይለዋል። ልጁ ግን ጧትና ማታ ቢፍቅም አይለቅለትም፤ ቀለሙ የገባው ጥርሱ ከድድ ሳይወጣ ነውና።

የፈተናው ውጤትም እንዲሁ ነው። የሚታየው በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ይሁን እንጂ ብዙው የሚሠራው በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነርሱን የመሰለ ልጅ ስምንት ዓመት በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ እየተንገዳገደ ከተማረ በኋላ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይቀበላል፤ የሚፈተነውም በዚያው ቋንቋ ነው። እንግዲህ የሁለተኛ ደረጃውን መምህር ብቻ ስለ ጥርሱ ቀለም ብንወቅሰው፥ ውሃውን ያጠጡትን ሁሉ ነጻ አወጣናቸው ማለት ነው። ከእነርሱም መካከል እኛ አለንበት። ቀድሞ በየደብሩ ዛፍ ጥላ ሥር ሕፃናት ፊደል ይቈጥሩ ነበር፤ ዛሬ ስንቱ ደብር ይህን ያደርጋል?

በአዳማ በስሙ ትምህርት ቤት የተሰየመለት አፄ ገላውዴዎስም ይህን ዓይነት ፍርድ ያውቀው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1555 የጻፈው የሃይማኖት ምስክርነት፥ ከውጭ የመጡ ሰዎች ቤተ ክርስቲያናችንን በቀዳሚት ሰንበትዋና በግዝረትዋ አይተው አይሁዳዊት ናት ስላሏት የተሰጠ መልስ ነው። ንጉሡ ልማዱን አልካደም፤ የሚደረገው በምን ምክንያት እንደ ሆነ አስረዳ እንጂ።

ይህን ስንል መክሊቱን የቀበረውን ሦስተኛውን አገልጋይ ልንሸፍን አይደለም። እርሱም ምክንያት ነበረው፤ ጌታዬ ጨካኝ ነው ብሎ አመካኘ። በየትምህርት ቤቱም ልጆቹ ደካሞች ናቸው፥ ወላጁ ድኻ ነው፥ ደመወዙ አይበቃም እያለ ክፍለ ጊዜውን በሻይ ቤት የሚያሳልፍ መምህር አለ። የተናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መክሊቱ ግን ከመሬት በታች ነው። ድኽነትን ለስንፍና መጋረጃ ማድረግ በድኻው ላይ ሁለተኛ በደል መጨመር ነው።

ታዲያ መጥቶ የሚያይ ሰው ምን ይመልከት? ትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ቤቶችን በግብዓት፥ በሂደትና በውጤት ከፍሎ ይመረምራል፤ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4ም ይመድባቸዋል። አከፋፈሉ መልካም ነው። ሰው ግን በልማዱ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ይወዳል፤ ሕንጻው አዲስ መሆኑን ያደንቃል፥ ያለፉትንም ይቈጥራል፤ በመካከል ያለውን ሥራ ይረሳል። እኛስ ብንጠየቅ የአንድ መካከለኛ ተማሪ ደብተር ተለምኖ ይታይ እንላለን። የብርቱው ተማሪ ደብተር ስለ ልጁ ይናገራል፤ የመካከለኛው ግን ስለ መምህሩ ይመሰክራል። ቀይ እስክሪብቶ የነካው ገጽ ስንት ነው? ስሕተቱ ከታረመ በኋላ ልጁ እንደ ገና ሠርቶታልን? ደግሞም በሥራ ቀን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ስንቱ ክፍል መምህር አለው? የላቦራቶሪው ቍልፍ ዝጓልን? በመስከረም የገቡት ሴቶች ልጆች በሰኔ አሉን? ለዚህ ሁሉ የተማረ መሆን አያስፈልግም፤ ግማሽ ቀን መስጠት ብቻ ነው።

ይህ ለአብነት ትምህርት ቤት ሰዎች እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ አኵፋዳውን አንግቦ ከደብር ወደ ደብር ሲዘዋወር መምህሩን የሚመርጠው በጉባኤው ተቀምጦ በመስማት ነው። ፍሬም ጊዜ ይፈልጋል። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በ1982 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት በዝዋይ ያቋቋሙት የካህናት ማሠልጠኛ ዛሬ ባፈራቸው አገልጋዮች ይመሰገናል፤ ገና በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት በፍሬው ይፈረድበት ቢባል ኖሮ ማን ምን ባለ ነበር?

ፍርዳችን ግን ከስሕተትም የከፋ ነገር ሊያደርግ ይችላል። ስለ ጕድጓድ ውሃ ብንሳሳት ውሃው አይለወጥም፤ ስለ ትምህርት ቤት የምንናገረው ግን ትምህርት ቤቱን ራሱን ይለውጠዋል። ክፉ ነው በተባለ ጊዜ ዐቅም ያለው ሰው ልጁን ያወጣል፤ ከልጁም ጋር በስብሰባ ቆሞ መጠየቅ የሚችለው አባት አብሮ ይወጣል፤ ብርቱው መምህርም ዝውውር ይጠይቃል። የሚቀሩት ሰሚ የሌላቸው ናቸው። በሚመጣው ዓመት ውጤቱ ይቀንሳል፤ ተናጋሪውም፥ ‹‹አላልኳችሁም?›› ይላል።

እንዲህ ከሆነ እናት ስለ ጎረቤት ልጆች ስትል የራሷን ልጅ በደካማ ትምህርት ቤት ታስቀር እንላለንን? አንልም። እግዚአብሔር በእጇ የሰጣት ያን ልጅ ነውና፥ አይታና መርምራ ወደሚሻለው ብትወስደው ማንም ሊፈርድባት አይገባም። እኛን የሚያስጨንቀን ሌላው ነው፤ ልጁን አውጥቶ ካበቃ በኋላ የተወውን ትምህርት ቤት ማማት የማይተው፥ በሰበካ ጉባኤ ተቀምጦ ስለ ወጣቱ መበላሸት አጥብቆ የሚናገር፥ በወላጆች ስብሰባ ቀን ግን ወንበሩ ባዶ የሚሆነው ሰው። እንዲህ ያለው ሰው በየደብራችን ጥቂት አይደለም።

ካህኑ በግንቦት ወር በአንድ ማክሰኞ ከመበለቲቱ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ገቡ። ርእሰ መምህሩ ካህን መስቀል ይዘው ሲመጡ ባየ ጊዜ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ። ነገሩን ሲሰማ ግን ራሱ እየመራ አሳያቸው። ከ14 ክፍሎች በ3ቱ መምህር አልነበረም፤ ላቦራቶሪውም ተቈልፎ ነበር። በአንድ ክፍል ግን አንዲት የሒሳብ መምህርት ከ60 በሚበልጡ ልጆች መካከል እየተዘዋወረች የእያንዳንዱን ደብተር ስታርም አዩ። መበለቲቱ ፊደል ባትቈጥርም ቀዩን ቀለም ለይታ፥ ‹‹ይህችስ መምህርት ለልጄ ትደርሰው ይሆን?›› ብላ ጠየቀች። ርእሰ መምህሩም ዘጠነኛ ክፍልን የምታስተምረው እርሷ መሆኗን ነገራት።

ቤቱ አልተሸጠም። ልጁ ዘንድሮ በዚያ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። ካህኑም በወላጆች ኮሚቴ ተመርጠው፥ መምህር ያጡትን የሦስቱን ክፍሎች ጕዳይ ይዘው ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል። እስከ አሁን ለአንዱ ክፍል መምህር ተገኝቶለታል።